የበሩ የኔታ

በጋሼ ንጋቱ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀንቻለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ እሳቸው የሚሰማ ሰው ከማን አፍ እንደሚሰማ እንዲያውቅ ብዬ ነው። አመለወርቅ እባላለሁ። ንፋስ መውጫ ውስጥ የሕዝብ ላይብረሪ ኃላፊ ነኝ። ዲፕሎማ አለኝ፣ ማኅተም አለኝ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ቢሮ አለኝ። እሳቸው የበሩ ዘበኛ ናቸው። ሰው እንዴት በዘበኛ ይቀናል የሚል ካለ ይምጣና እኔን ይጠይቀኝ።

ጋሼ ንጋቱ የተወለዱት ድጓ ከሚመሰከርበት ከቤተ ልሔም ብዙም ሳይርቅ ነው። ከአምስት ልጆች መካከል ድምፁ የሚያምረው ይኸኛው ነው ተብለው በልጅነታቸው ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተሰጡ። ፊደል ቆጠሩ፣ ዳዊት ደገሙ፣ ጾመ ድጓ ጀመሩ። አኩፋዳ አንግተው ቁራሽ እየለመኑ ሲማሩ ውሻ የነከሳቸው ስድስት ቦታ ነው አሉ፤ ለሚጠይቃቸው ሁሉ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ያሳያሉ። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው ሞቱ። ሞፈር የሚይዝ ሰው ጠፋና ድጓውን ትተው ወደ በሬዎቹ ተመለሱ። ሃያ ዓመት አረሱ። መሬቱ ለወንድማማቾች ሲከፋፈል የደረሳቸው ቁራሽ ሚስታቸውንና እሳቸውን እንኳ ከክረምት ክረምት የሚያደርስ አልሆነም። ከተማ ወጡ፤ መናኸሪያ ጭነት ተሸከሙ፣ የነጋዴ መጋዘን ጠበቁ። ላይብረሪው ሲከፈት ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጅ አልወለዱም።

ይህን ሁሉ ጠይቄያቸው ያወቅሁት እንዳይመስላችሁ። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ግቢ ስንውል እኔ የማውቀው ስማቸውንና የፈረቃ ሰዓታቸውን ብቻ ነበር። የነገረችኝ ልጄ ናት። የነገረችኝም ምሳ እየበላን ነው፤ የአባቷን ታሪክ እንደምታወራ ሁሉ ዓይኗ እያበራ። የመጀመሪያዋ እሾህ ያን ዕለት ተሰካች።

የቅዳሜን ንባብ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ከእኔ በፊት ላይብረሪው ማለት ለፈተና የሚያጠኑ ተማሪዎች የሚያንቀላፉበት አዳራሽ ነበር። ላይብረሪውን ከሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ጋር ተሟግቼ ምንጣፍ አስገዛሁ፣ ግድግዳውን በፊደልና በእንስሳት ሥዕል አስጌጥኩ፣ ለወጣቶች ጥያቄና መልስ፣ ለእናቶች የጋራ ንባብ፣ ለአዛውንት የጨዋታ ቀን አወጣሁ። ከሁሉም ያማረው ግን ቅዳሜ ከሰዓት የሚደረገው የሕፃናት ንባብ ነበር። በመጀመሪያው ወር አርባ ልጅ መጣልኝ። ምንጣፉ ሞልቶ የተረፉት መደርደሪያ ሥር ተቀመጡ። እኔ ድምፄን እየቀያየርኩ፣ እንደ ጅብ እያጓራሁ፣ እንደ ዔሊ እየተጎተትኩ አነባለሁ።

ከዚያም ልጄን ፍሬሕይወትን አስነሳታለሁ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የመጀመሪያ ክፍሎቿን የጨረሰችው ትምህርት ቤት አንድ ቀን ተከፍቶ አሥር ቀን በሚዘጋበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ብዙዎቹ እኩዮቿ ፊደል እንኳ በወጉ አልለዩም ነበር። የእኔዋ ግን መጽሐፍ ትገልጥና ወለል አድርጋ ታነባለች። ያውም በጅብ ድምፅ፣ በዔሊ ድምፅ። ወላጆች አፋቸውን ይዘው ያዩናል። «የላይብረሪዋ ልጅ እኮ ናት» ይላሉ። ያን ጊዜ የሚሰማኝን ነገር ደስታ ብቻ ብዬ ብጠራው እዋሻለሁ። ከደስታ በላይ ነበር። ሰርግ ላይ የሙሽራዋ እናት መሆን ነበር።

ታዲያ በሁለተኛው ዓመት ልጆቹ ይዘገዩብኝ ጀመር። ሰዓቱ ይደርሳል፤ ምንጣፉ ላይ አሥር ልጅ ብቻ አለ። በመስኮት ብቅ ስል ሌሎቹን አያቸዋለሁ፤ በሩ አጠገብ፣ ጋሼ ንጋቱ የሚቀመጡበትን ድንጋይ ከብበው። እሳቸው በእጃቸው ስንጥር ይዘው በካርቶን ላይ የተጻፈ ነገር ይነካሉ፤ ልጆቹ በዜማ ይመልሳሉ። መዝገብ ላይ የምትሠራው ሩት እስኪያማት ትስቅብኛለች።

«አመልዬ፣ በጣም ሲሪየስ አደረግሽው እኮ» አለችኝ አንድ ቀን። «ልጆቹ እየመጡ ነው፣ አይደል? በር ላይ ሆኑ ውስጥ ምን ለውጥ አለው?»

«ፕሮግራሙ ውስጥ ነው!» አልኳት።

ከረሜላ ገዛሁ። ከራሴ ኪስ፣ አንድ ትልቅ ከረጢት። በሰዓቱ ለገባ ልጅ ሁሉ አንዳንድ እንደሚሰጥ አስነገርኩ። ልጆቹ በሰዓቱ ገቡ፣ ከረሜላቸውን ተቀበሉ፣ «እናመሰግናለን» አሉ፣ እየመጠጡ ወደ በሩ ተመለሱ። አንደኛዋማ ለጋሼ ንጋቱ የሚሆን ሁለተኛ ከረሜላ ለመነችኝ። ሰጠኋት። ምን ላድርግ?

«የኔታ» ነው የሚሏቸው። ይህ ነው አንጀቴን ያሳረረው። እኔን «እትዬ» ይሉኛል፤ የጎረቤትንም ሴት እትዬ ይላሉ፣ ሽንኩርት የምትሸጠውንም እትዬ ይላሉ። እሳቸውን ግን ማንም ሳያስተምራቸው «የኔታ»። ድጓቸውን ያልጨረሱ ሰውዬ! መምህራን ከሚሰጡት ምስክር አንድ እንኳ የሌላቸው! የእኔ ምስክር በመስታወት ገብቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ማን አየው?

አንድ ቅዳሜ ከሚዘምሩት መካከል የልጄን ድምፅ ለየሁ። «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ…» ትላለች። ሮጥ ብዬ ወጣሁ። ፍሬሕይወት ከልጆቹ መካከል፣ ከሁሉም ፊት፣ ስንጥሩ ከሚነካው ፊደል ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ተቀምጣለች። አጠገቧ ያለችው ከውሰር፣ የጨርቅ ነጋዴዋ የሰፊያ ልጅ፣ ገና አምስት ዓመቷ ነው። መጽሐፍ በአንድ ትንፋሽ የምትጨርሰዋን ልጄን አውርደው አውርደው ከአምስት ዓመት ሕፃን ጋር ፊደል አስቆጠሩብኝ! አቡጊዳ ማለት እኮ ፊደሉ ተዘበራርቆ፣ ተራው ጠፍቶ የሚቆጠርበት ገበታ ነው፤ የቄስ ትምህርት ቤት ጀማሪ የሚያልፍበት። ክንዷን ይዤ አነሳኋት። ጋሼ ንጋቱ ስንጥራቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው አዩኝ።

ቤት ስንደርስ «ምን ፈልገሽ ነው እዚያ የምትቀመጪው?» ብዬ ጮህኩባት።

«የኔታ ደስ ይሉኛል» አለች።

«እኔስ?»

«አንቺም» አለች፤ አባባሏ ግን የሰጠኋትን ጥያቄ ለመጨረስ ነበር።

ከዚያ በኋላ የንባብ ሳምንት ቀረበ። በዓመት አንድ ጊዜ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ፣ እንግዳ ተጠርቶ፣ የከተማው ሰው ተሰብስቦ የሚከበር ነው። መክፈቻውን ልጄ እንድታነብ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ዓለምነህ ራሱ ጠየቀኝ። የሠራሁት ሥራ ሁሉ በአንዲት ልጅ አፍ ሊመሰከርልኝ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው የቅዳሜ ንባብ የማን እንደሆነ አይጠይቅም።

ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጋሼ ንጋቱ ቢሮዬን አንኳኩ። በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ቆባቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ።

«አመለወርቅ ልጄ» አሉኝ፣ «ልጂቱን ዘንድሮ ባታስነብቢያት ምን ይመስልሻል? ለከርሞ ይሁንላት።»

«ለምን?»

«ገና ናት።»

«የእኔ ልጅ ናት ገና የምትሆነው? ይህን ሁሉ ሕዝብ አፉን ያስያዘችው?»

ዝቅ ብለው መሬቱን አዩ። «ካላመንሽኝ አንድ ነገር አድርጊ። አንብበሽላት የማታውቂውን መጽሐፍ ስጫትና እይ።»

ያን ጊዜ የሰማሁት ንግግሩን አልነበረም። ንግግሩን የተናገረውን ሰው ነበር። ይህ ሰውዬ ልጆቹን ወሰደ፣ የልጄን ፍቅር ወሰደ፤ አሁን ደግሞ መድረኬን ሊወስድ መጣ አልኩ በልቤ። «ጋሼ ንጋቱ» አልኳቸው፣ «ልጄ የምታነበውን እኔ አውቃለሁ። እርስዎ በርዎን ይጠብቁ።»

«እሺ» ብለው ቆባቸውን አጠለቁና ወጡ።

በዚያው ዕለት ለአቶ ዓለምነህ ደብዳቤ ጻፍኩ። የጥበቃ ሠራተኛው በሥራ ሰዓት በሩን ትተው ሕፃናት እየሰበሰቡ ነው አልኩ። በሩን ትተው አልነበረም፤ በሩ ላይ ነበሩ። የሕዝብ ላይብረሪን የቄስ ትምህርት ቤት አድርገውታል አልኩ። ይህም በቂ መስሎ አልታየኝምና «የተለያየ እምነት ያላቸው ወላጆች ቅሬታ አቅርበዋል» ብዬ ጨመርኩበት። አንድም ወላጅ አልመጣም። እጄ ሲጽፈው አየሁት፤ አላቆምኩትም። ማኅተሜን አደረግሁበት።

በሳምንቱ ጋሼ ንጋቱ ከጽሕፈት ቤቱ ኋላ ወዳለው መጋዘን ተዛወሩ። የሚጠብቁት የተጣለ ጎማና የተሰበረ ወንበር ሆነ። በእሳቸው ቦታ አንድ ጎረምሳ መጣ፤ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ይውላል። ልጆቹ ቅዳሜ መጥተው በሩ ላይ ፈለጓቸው፤ ሲያጧቸው ገሚሱ ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ ገሚሱ ገባ። ምንጣፌ ሞላ ማለት አይቻልም፤ ግን ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና በጣም ደስ አለኝ።

ሰፊያ ልጇን እየጎተተች ቢሮዬ ገባች። ሱቋን ለባሏ ለሀሚድ ጥላ ነው የመጣችው፤ መቀሷ እንኳ ከአንገቷ አልወረደም።

«አመለወርቅ፣ የከሰሰው ወላጅ ማነው?» አለችኝ።

«ስም አልተጠቀሰም።»

«ጠይቀናል እኮ። እኔ አልከሰስኩ፣ ሀሚድ አልከሰሰም። ፊደል የማነው? የሁላችን አይደለም? ይቺ ልጅ ‹ሰ›ን ከ‹በ› የለየችው በእሳቸው ነው። ከማን ጋር ብትጣሉ ነው ልጆቹን የምትቀጡት?»

«ከንባብ ሳምንት በኋላ እናየዋለን» አልኳት። ጥላኝ ወጣች። ከውሰር በር ላይ ዞር ብላ ምላሷን አወጣችብኝ።

የንባብ ሳምንት ደረሰ። ድንኳኑ ሙሉ ነው። የፊት ወንበሮች ላይ እንግዶች፣ ከኋላ መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ ነጠላ ያጣፉ እናቶች፣ ከአርብ ገበያ ከተማ ሳይቀር የመጡ ሰዎች። ፍሬሕይወት አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ጸጉሯን ጠዋት ራሴ ሠርቼላታለሁ። የምታነበው መጽሐፍ ስለ ጦጣና ዔሊ የሚያወራው ነው፤ እኔ ያነበብኩላት ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። አጠገቧ ቆሜያለሁ። ማይክራፎኑን እኔው ያዝኩላት።

አቶ ዓለምነህ እጁን አነሳ። «አንድ ጊዜ» አለ ፈገግ ብሎ። ከእግሩ ሥር ያለ ካርቶን ከፈተ፤ ለበዓሉ በስጦታ የመጡ መጻሕፍት ናቸው። ከላይ ያለውን አንሥቶ «መጀመሪያ የምታነብልን ከአዲሶቹ ቢሆን አይሻልም? ማንም ገልጦት አያውቅም» ብሎ ሰጣት። ሰው አጨበጨበ።

ፍሬሕይወት መጽሐፉን ገለጠች። ዝም አለች።

ሕዝቡ ይጠብቃል። እኔም እጠብቃለሁ።

«አንብቢ እንጂ» አልኳት በሹክሹክታ።

አየችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል። የጋሼ ንጋቱ ቃል ያን ጊዜ መጥቶ ጆሮዬ ላይ ቆመ፦ አንብበሽላት የማታውቂውን መጽሐፍ ስጫትና እይ። ልጄ ማንበብ አትችልም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ያነበበችው መጽሐፍ አልነበረም፤ እኔን ነበር። ድምፄን፣ ትንፋሼን፣ ገጹን የምገልጥበትን ቦታ ሳይቀር በቃሏ ይዛ ነበር ስትመልስልኝ የኖረችው። እናቷ የላይብረሪ ኃላፊ ሆና ይህን አላየችም። የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ግን ወዲያው ይለየዋል፤ በቃሉ የያዘን ልጅ ከሚያነብ ልጅ ለመለየት ነውና ፊደሉን የሚያተረማምሱት። ለዚህ ነበር አቡጊዳው።

ከድንኳኑ ኋላ አንድ ሰው ሳቅ አለ። ሁለተኛ ሰው ተከተለው።

ፍሬሕይወት ጣቷን አንሥታ ገጹ ላይ አሳረፈች። «በ» አለች። ቆየት ብላ «አ» አለች። «ን… ድ…» የበሩን ዜማ ነው የምታዜመው፤ እያንዳንዱን ፊደል እየነካች፣ እየጣለች፣ እያነሣች። «በአንድ» አለች ሰብስባ። ሳቁ ቆመ። «ቀ… ን… በአንድ ቀን።» እንዲህ እያለች አንድ መስመር ጨረሰች። ሁለተኛውን ጀመረች። አንድ ቦታ ላይ ተሰናከለች፤ ተመልሳ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ አለፈችው። አራት መስመር አነበበች። ላቧ በግንባሯ እየወረደ አራት መስመር።

ስትጨርስ ድንኳኑ በጭብጨባ ተናወጠ። መምህራኑ ብድግ አሉ። ሰፊያን ከኋላ አየኋት፤ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

አቶ ዓለምነህ ማይክራፎኑን ከእጄ ወሰደና ጎንበስ አለ። «ጎበዝ! ማነው እንዲህ ማንበብ ያስተማረሽ?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፍሬሕይወት ትንሽ አሰበች። ከዚያም ጮክ ብላ፣ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ፣ «እናቴ» አለች።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ አጨበጨበ። ለዚያች ሰዓት ስንት ጊዜ ተመኝቼ ነበር። እጅ ነሣሁ። ምን አደርጋለሁ? እጅ ነሥቼ ቆምኩ።

ሰው ሲበተን መደርደሪያዎቹ መካከል ወሰድኳትና «ለምን ዋሸሽ?» አልኳት።

«የኔታ ናቸው ያሉኝ።»

«መቼ?»

«መጋዘን ሄጄ አየኋቸው። ‹የምትጠየቂ እንደሆነ እናቴ በዪ› አሉኝ። ‹ያነበበችልሽ እሷ ናት፣ መጽሐፍ ያስወደደችሽ እሷ ናት፣ ውሸት አይሆንም› አሉኝ።» ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። «እንደማላነብ እንዳይነግሩሽ አስምያቸው ነበር። ታፍሪብኛለሽ ብዬ።»

ሌላ ሴት ብትሆን እዚያው ልቧ ይቀልጥ ይሆናል። እኔስ? እኔ እንደገና ቀናሁ። ልጄ የልቧን ነውር ይዛ የሄደችው ወደ እሳቸው ነው። ያን የተመኘሁትን ጭብጨባ እንኳ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ ጎማ እየጠበቁ። ሰውዬው ምን ቀራቸው?

ሰኞ ጠዋት አዲስ ደብዳቤ ጻፍኩ። የፊተኛው ሐሰት እንደሆነ፣ ቅሬታ ያቀረበ ወላጅ እንደሌለ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ጻፍኩበትና ለአቶ ዓለምነህ ሰጠሁት። አነበበው፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ እንደገና አነበበው። ማስጠንቀቂያ እንደሚጻፍብኝ ነገረኝ፤ ተገቢ ነው አልኩት። ከዚያ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ።

ጋሼ ንጋቱ እግር የጎደለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሲያዩኝ ተነሡ። ለእኔ ለመነሣታቸው እንኳ አፈርኩ።

«ወደ በሩ ይመለሳሉ» አልኳቸው። «ልጆቹ ትምህርት ሳይዘጉ፣ ከሰኔ በፊት እንዲሆን ጠይቄያለሁ። የዋሸሁትንም ጽፌያለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እግዜር ይቅር ይበል» አሉ፤ ግን ልባቸው ከእኔ ጋር አልነበረም። ሊጠይቁኝ የቸኮሉት ሌላ ነገር ነበር። «ስንት መስመር አነበበች?»

«አራት።»

«አራት!» ፊታቸው በራ። «እኔ ሁለት ትዘልቃለች ብዬ ነበር። ‹ቸ› ሲመጣባት ምን አደረገች? ‹ተ› አለችው? እሱ ላይ ነው ሁልጊዜ የምትሰናከለው።»

ላስታውስ ሞከርኩ። አንድ ቦታ ላይ መሰናከሏን አውቃለሁ። የቱ ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም። አጠገቧ ቆሜ፣ ማይክራፎን ይዤ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የማየው የሕዝቡን ፊት ነበር።

«አላየሁም» አልኳቸው።

ጋሼ ንጋቱ ምንም አልወቀሱኝም። «ግድ የለም፣ ልጂቱን ላኪልኝና እጠይቃታለሁ» አሉ።

«እልካለሁ» አልኳቸው። ቅናቱ እያቃጠለኝ፣ እልካለሁ አልኳቸው።